የማን ልጅ ነህ? የየት ሰፈር ነህ? ስንት ዓመትህ ነው?

መቼም ኳስ ሲነሳ ሁላችንም አሠልጣኝ ነን። ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለን አርሰናል እገሌን ለምን እንዳላሰለፈ፣ ማንቼ እገሌን ለምን እንደሸጠ ስንጨቃጨቅ ሻያችን ይቀዘቅዛል። ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ ጭቅጭቃችን ያጥርና «ዋልያዎቹ አጥቂ የላቸውም»፣ «አሠልጣኙ ይባረር» ብለን እንለያያለን። አንድ ጥያቄ ግን ብዙም ሲነሳ አንሰማም። በ13 ዓመቱ ሜዳ ዳር ተሰልፎ «አንተ ቆይ» የተባለው ልጅ የት ሄደ?

የቡድን አመዳደብ ተራ የአሠልጣኝ ሥራ ይመስላል። ይህ ታዳጊ ቡድን ይግባ፣ ይህ ተስፋ ቡድን ይደግ፣ ይህ ወደ ቤቱ ይሂድ። የአገራችንን እግር ኳስ ወደ ኋላ ስናገላብጥ ግን በየዘመኑ ልጅን ሜዳ በር ላይ የሚያስቆም አንድ ጥያቄ እናገኛለን። ጥያቄው ከዘመኑ ጋር ይቀያየራል። የሚገርመው፣ ከጥያቄዎቹ አንዱም «እስቲ ተጫወት፣ እንይህ» አይልም። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ እነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ከሉማሜ እንነሳ

ሉማሜን ብዙዎቻችሁ ሳታውቋት አልፋችኋታል። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ የዓባይን በረሃ ወርዳችሁ ወጥታችሁ፣ ደጀንን አልፋችሁ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትገሰግሱ አስፋልቱ መሃሏን ሰንጥቋት የሚያልፍ ከተማ ናት። የምሥራቅ ጎጃሙ የአዋበል ወረዳ መቀመጫ ስትሆን ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው። ሉማሜን የመረጥናት የተለየች ሆና አይደለም። አገሪቱ እንደ ሉማሜ ባሉ የወረዳ ከተሞች የተሞላች ስለሆነች ነው።

እንዲህ ባለች ከተማ የሚያድግ ልጅ መንገዱ በደረጃ የተሠራ ነው። መጀመሪያ የትምህርት ቤት ቡድን አለ። ከዚያ በወረዳው ፕሮጀክት ካለ ፕሮጀክት ይገባል። ከፕሮጀክቱ ለዞን ይመረጥና ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ ከዞን ለክልል ሲመረጥ ባሕር ዳር ይደርሳል። ዕድል ከቀናው በመጨረሻ አንድ ክለብ አይቶት ተስፋ ቡድን ይገባል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ በር አለ፣ በየበሩም ጠያቂ ቆሟል። አንዱ በር ላይ ከተመለሰ ሌላ መንገድ የለውም። አዲስ አበባ ያለ ልጅ አንድ ክለብ ሲመልሰው በሳምንቱ ሌላ ክለብ ሜዳ ሄዶ ይሞክራል። የሉማሜው ልጅ የት ሄዶ ይሞክር?

አንበሳ ወይስ ነብር?

ከክለብ በፊት፣ ከፕሮጀክትም በፊት ልጆች ቡድን የሚከፋፈሉበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። አብዛኞቻችን ሠርተንበት አድገናል። ሁለት አለቆች ይወጣሉ፤ ብዙ ቦታ «አባት» ይባላሉ። የቀሩት ልጆች በችሎታም በጉልበትም ከአቻቸው ጋር ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። ጥንዶቹ ዞር ብለው በሹክሹክታ ስም ይያዛሉ፤ አንዱ አንበሳ፣ አንዱ ነብር። ከዚያ ወደ አባቶቹ ተመልሰው «አንበሳ ወይስ ነብር?» ይላሉ። ባለ ተራው አባት «አንበሳ» ካለ አንበሳው የእሱ ነው፣ ነብሩ ወደ ወዲያኛው ይሄዳል።

ዘዴው የልጅ ጨዋታ ቢመስልም ብልኃቱን ልብ በሉት። አቻ ከአቻ ስለተጣመረ ማንም ቢመረጥ ሁለቱ ቡድኖች ይመጣጠናሉ። መራጩ ከስሙ ጀርባ ያለው ማን እንደሆነ ስለማያውቅ ለወንድሙ ማድላት አይችልም። ደካማውም ከደካማ አቻው ጋር ተጣምሮ ስለሚመጣ ሳይመረጥ የሚቀር የለም። በገና ጨዋታም ቡድኑ በላይ ቤትና በታች ቤት ሲከፈል ሰፈሩ ሁሉ ይገባል እንጂ በረኛ ቆሞ «ቁመትህ ያንሳል» አይልም።

ልዩነቱ ከዓላማው ይመጣል። የሰፈር ልጆች ቡድን የሚከፋፈሉት ጨዋታው እንዲያምር ነው። ክለብ የሚከፋፍለው ጥሩውን ከሌላው ለመለየት ነው። መለየት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክለብ ያለ መለየት ክለብ አይሆንም። ጥያቄው በምን ይለያል ነው።

የማን ልጅ ነህ?

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 አራዳ ላይ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ሲመሠረት የቡድኑ መለያ ሰፈር ነበር። የዕድሜ እርከን የሚባል ነገር አልነበረም። የተፈሪ መኮንን ተማሪ የነበረው ይድነቃቸው ተሰማ ከትልልቆቹ ጋር መጫወት የጀመረው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ሳይሆነው ነው። ያ ልጅ ኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ ከ1964 ጀምሮ በ1979 እስኪያርፍ ድረስ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር። በዛሬው አሠራር ቢሆን ያ ልጅ «ሕፃናት ጋ ሂድ» ይባል ነበር።

ጣሊያን ሲመጣ የሜዳው በር ጥያቄ የደም ጥያቄ ሆነ። ነጭ ከነጭ፣ «የአገር ተወላጅ» ከተወላጅ ብቻ እንዲጫወት ተደረገ። ጊዮርጊስም ስሙ ተቀይሮ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተገደደ። ጣሊያን ወጥቶም ጥያቄው ወዲያው አልጠፋም። በ1936 በተካሄደው የመጀመሪያው ሊግ የተሳተፉትን 5 ቡድኖች ተመልከቱ። ጊዮርጊስ የሐበሾች፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን ነበር። የልጁ ቡድን አባቱ ከማን እንደተወለደ ነው የሚታወቀው።

ታዲያ ከሁለቱም የሆነው ልጅ የት ይግባ? ሉቺያኖ ቫሳሎ ከጣሊያናዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ ተወለደ። የጀመረውም ስቴላ አስማሪና በሚባል፣ እንደሱ ላሉ ክልሶች በተቋቋመ ቡድን ነው። ከዚያ ወጥቶ የድሬዳዋው ኮተን ደረሰ። ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን (ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አምበሉ እሱ ነበር። አሠልጣኙ ያ የተፈሪ መኮንን ተማሪ፣ ይድነቃቸው ነው። ክልስ እንዴት አምበል ይሆናል የሚል ጉምጉምታ ተነስቶ እንደነበር፣ ይድነቃቸውም አልበገርም እንዳለ ይነገራል። ከዕለቱ አራት ግቦች ሦስቱን ሉቺያኖ፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ያን ቀን ቢያሸንፍ ኖሮ ሁለቱ ወንድማማቾች ሜዳ ውስጥ አይኖሩም ነበር። እስከ ዛሬ ያለን ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ያ ነው።

የየት መሥሪያ ቤት? የየት ቀበሌ?

ከዚያ ወዲያ ቡድን የመሥሪያ ቤት ሆነ። መቻል የጦር ሠራዊቱ፣ ኦሜድላ የፖሊሱ፣ መብራት ኃይል የመብራቱ፣ ቡና የቡና ሠራተኛው። ተጫዋች ለመሆን መቀጠር ወይም የሚያስቀጥር ሰው ማግኘት ያስፈልጋል። ወረዳ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ፋብሪካም ካምፕም በአጠገቡ ከሌለው ቡድን የለውም ማለት ነው።

ደርግ ሲመጣ ቀበሌ መጣ። ኳሱም በቀበሌ፣ በከፍተኛ፣ በአውራጃ፣ በክፍለ ሀገር ተደራጀ። ስለ ደርግ ብዙ የሚባል አለ፤ በኳስ በኩል ግን በሩን ሰፋ አድርጎ እንደከፈተው መካድ አይቻልም። ቀበሌ የሌለበት ቦታ ስላልነበረ የመጀመሪያው በር በሁሉም ልጅ ደጃፍ ላይ ነበር። ታኅሣሥ 1980 ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትታ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትበላ፣ ደምሴ ዳምጤም በሬዲዮ አገሩን ሲያስለቅሰው፣ ቀበሌ ለቀበሌ እየተጋጠመ ያደገው ትውልድ እኩያ ነው ሜዳ ላይ የነበረው።

ግን ያው ቀበሌ ሌላም መዝገብ ይዟል። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ከ18 እስከ 30 ያለ ወጣት ይፈለጋል። የሚመዘግበው ቀበሌ ነው። ይህን ያነሳነው ያለ ነገር አይደለም። ለገጠርና ለወረዳ ከተማ ቤተሰብ «ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ መረጃ መጠየቂያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከጥያቄው ኋላ ወይ ዘማች ፈላጊ አለ፣ ወይ ግብር፣ ወይ ሌላ ጣጣ። ስለዚህ እናቶቻችን ከመመለሳቸው በፊት «ለምን ፈለግኸው?» ይላሉ። መልሱ እንደ ጠያቂው ይረዝማል፣ እንደ ጠያቂው ያጥራል።

ስንት ዓመትህ ነው?

ቀጥሎ የመጣው የእኛ ዘመን ጥያቄ ይህ ነው። ከ13 ዓመት በታች፣ ከ15 በታች፣ ከ17 በታች፣ ከ20 በታች። ሲታይ ከሁሉም የሚሻል ነው። ዘር አይጠይቅም፣ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም፣ ቀበሌ አይመርጥም። ዓለምም የሚሠራበት ይኸው ነው። ፍሬም አሳይቶናል፤ መጋቢት 1993 አዲስ አበባ ላይ በተዘጋጀው የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ ልጆቻችን ከመጨረሻዎቹ አራት ገብተው በዚያው ዓመት አርጀንቲና በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ዋንጫ ተሳትፈዋል። ሦስቱንም ጨዋታ ቢሸነፉም እዚያ ደርሰዋል።

ችግሩ ዕድሜ ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀቱ ደግሞ የለም። የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ በይፋ የተጀመረው ግን ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ 13 ዓመት የሞላው የሉማሜ ልጅ የተወለደው መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት ነው። በቤተሰቡ ዘንድ ልደቱ ቀን አለው፤ «በሚካኤል ማግስት»፣ «ጤፍ ሲታጨድ» ይባላል። ክርስትና በ40 ቀኑ የተነሳ ወንድ ልጅ፣ በ80 ቀኗ የተነሳች ሴት ልጅ ዕለቱን የሚያውቅ የክርስትና አባትና እናት አላቸው። ዓመቱን ግን ማን ጻፈው?

ወረቀት በሌለበት አሠልጣኝ ምን ያድርግ? ዓይኑን ይጠቀማል። ቁመት ያያል፣ ድምፅ ይሰማል፣ የአገጭ ፀጉር ይፈልጋል። በዓይን የሚገመተው ግን ዕድሜ ሳይሆን ጉርምስና ነው። ጉርምስና በአንዱ በ12፣ በሌላው በ15 ይመጣል። እንግዲህ ቶሎ የጎረመሰው «ይህማ ትልቅ ነው» ተብሎ ይባረራል፣ ወይም ዕድሜውን ቀንሶ ይገባና ያሸንፋል። ዘግይቶ የሚያድገው «ይህማ ትንሽ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ዋንጫ የሚፈልግ አሠልጣኝ የትኛውን እንደሚይዝ መገመት አይከብድም። በ17 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ 20 የሞላው ልጅ ሲገባ የሚጎዳው ተጋጣሚው ብቻ አይደለም። ያ ቦታ የእውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ፊፋ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማንሳት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ኤምአርአዩ ግን ሉማሜ አይደርስም፤ ሲደርስ የሚደርሰው ብሔራዊ ቡድን በር ላይ ነው፤ ያኔ ትክክለኛው ልጅ ከተባረረ ቆይቷል።

የሴት ልጅ ነገር ደግሞ ይገለበጣል። ወንዱ ለኳስ ዕድሜው ሲቀነስለት፣ እሷ ለጋብቻ ይጨመርባታል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎ ቢደነግግም ክልሉ ያለ ዕድሜ ጋብቻ በብዛት ከሚፈጸምባቸው አንዱ ሆኖ ቆይቷል። የ14 ዓመቷ አጥቂ ከቡድኑ የምትጠፋው አሠልጣኝ ስለቀነሳት ላይሆን ይችላል። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ሐዋሳን፣ ደደቢትን አልፋ ማልታ ድረስ ሄዳ ግብ አግብታለች። እሷን የመሰሉ ስንቶቹ ገና ሳይጀምሩ እንደቀሩ የሚቆጥር መዝገብ የለም።

ገብርኤልና ገና

ወረቀቱ ቢኖርስ? ቢኖርም ጣጣው አያልቅም። ፊፋ የዕድሜ እርከን የሚቆርጠው በፈረንጆቹ ጥር 1 ነው። በእኛ ሲሰላ ታኅሣሥ 23 ግድም፣ ከገና ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ማለት ነው። እንግዲህ ሁለት የጎረቤት ልጆች አሉ እንበል። አንዱ በታኅሣሥ ገብርኤል ተወለደ፣ ሌላው በአሥረኛው ቀን፣ በገና ዕለት። እናቶቻቸው በአንድ ሰሞን አራስ ነበሩ። ለፊፋ ግን የገብርኤሉ ልጅ የአንድ ዓመት ታላቅ ነው። ስለዚህ ከላይኛው እርከን ገብቶ የሁሉም ታናሽ ይሆናል፤ የገናው ልጅ ከታችኛው እርከን ገብቶ የሁሉም ታላቅ ይሆናል። የ12 ዓመት ልጅ ላይ የአሥራ አንድ ወር ልዩነት ትከሻ ላይ ይታያል። አሠልጣኝም ትከሻውን አይቶ «ተሰጥዖ አለው» ይላል።

ይህን እኛ አልፈጠርነውም። በ1985 (እ.ኤ.አ.) የካናዳ ተመራማሪዎች በበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ ባደረጉት ጥናት በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት ከሚገባው በላይ በዝተው አገኟቸው። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ክለቦች አካዳሚዎችም ተመሳሳዩ ተደጋግሞ ታይቷል። የታኅሣሥ ልጅ ችሎታ ስለሌለው አይደለም። ቀድሞ የተመረጠው ልጅ ጥሩ አሠልጣኝ፣ ጥሩ ሜዳ፣ ብዙ ጨዋታ ያገኛል፤ ያልተመረጠው የጨርቅ ኳሱን ይዞ ይቀራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ልዩነቱ እውነተኛ ይሆንና መራጩ «ያኔም ብዬ ነበር» ይላል።

ለአርሰናል ደጋፊዎች አንድ የሚያም ምሳሌ እንንገራችሁ። ሃሪ ኬን ልጅ እያለ አርሰናል ነበር፤ ገና በ9 ዓመቱ ገደማ አሰናበቱት። ኋላ በጎረቤት ቶተንሃም የክለቡ የምንጊዜም ግብ አግቢ ሆነ። ጄሚ ቫርዲም ትንሽ ነህ ተብሎ በ16 ዓመቱ ከሼፊልድ ዌንስዴይ ተባሮ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከሌስተር ጋር ዋንጫ አንስቷል። ግን ልብ በሉ፤ ኬን አርሰናል ሲዘጋበት ቶተንሃም ነበረለት። ቫርዲም ከታች የሚጫወትበት ሊግ ነበረለት። እዚያም ስህተት ይሠራል፤ ስህተቱን የሚያርም ሁለተኛ በር ግን አለ። እኛ ጋ የጎደለው ይህ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

ገንዘብ የለም ትሉናላችሁ። እውነት ነው፤ ግን አብዛኛው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። አንደኛ፣ በ13 ዓመት ልጅ ላይ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥ። የወረዳ ፕሮጀክት ዓመት በዓመት በሩን እንደገና ይክፈት፤ አምና የተመለሰው ዘንድሮ ተመልሶ ይታይ። ሁለተኛ፣ ቤልጂየም ዘግይተው ለሚያድጉ ልጆች ሁለተኛ ብሔራዊ ታዳጊ ቡድን አቋቁማለች፤ እንግሊዝም ልጆችን በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሰውነት እድገት እየመደቡ ማጫወትን ሞክራለች። ዞን ደረጃ ላይ ከዋናው ምርጫ ጎን «የትንንሾቹ» ምርጫ ቢኖር ተጨማሪ ወጪው አንድ አውቶቡስ ነው። ሦስተኛ፣ ታዳጊ አሠልጣኝ በዋንጫ አይመዘን። በዋንጫ እስከተመዘነ ድረስ ጢም ያለውን ልጅ ይመርጣል፤ እኛም በቦታው ብንሆን ያንኑ እናደርጋለን። ለዋናው ቡድን ባበቃው ልጅ ብዛት ይመዘን። አራተኛ፣ ከ2008 ወዲህ የተወለዱት ልጆች እነሆ ወደ ሜዳ እየመጡ ነው፤ የልደት ምዝገባ ወረቀታቸው የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ይሁን። ወረቀቱን የሚያምኑት ግን ለሌላ ነገር እንደማይፈለግ ካወቁ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሰላም ሲኖር መሆኑን አንዘነጋም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የልጁ የመጀመሪያ በር ትምህርት ቤቱ ነበር። ፋሲል ከነማ በ2013 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ «የክልሉ ኳስ ተነሳ» ብለን ጨፍረን ነበር። ዋንጫው ጎንደር ገባ፤ ቀጣዮቹ ተጫዋቾች ከየት እንደሚመጡ ግን የሚወሰነው እንደ ሉማሜ ባሉ ሜዳዎች ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይጫወት የቀረ የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ 14 ሞልቶት ሌላ እርከን ውስጥ ይገባል። ዕድሜ አይጠብቀውም።

እንግዲህ በሚቀጥለው እሁድ «ልጅ የለንም» የሚል ሰው ዲኤስቲቪ ቤት ስታገኙ አንድ ጥያቄ ጠይቁልን። ልጅ የለንም ወይስ መልሰናቸዋል?